«መሸርሸር» ከናዳም ከሽርሽርም ይለያል፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «መሸርሸር» ስለሚለው ቃል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደሴ ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። አብሮት የወጣው ፎቶ የጦሳን ተራራ ግርጌ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው ተቀባበለው። ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል መጨነቅ ደግ ነገር ነው፤ ጸሐፊውን ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን አላሳመነኝም። እንዲያውም አንዱ ነጥባቸው እንደኛ ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ጉዳት ያመጣል ብዬ እሰጋለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው እንደሚሉት አማርኛ ቀስ በቀስ ማለቅን የሚገልጽ የራሱ ቃል አልነበረውም። «መሸርሸር» የሚለውን የእርሻ ባለሙያዎች የእንግሊዝኛውን «ኢሮዥን» ለመተርጎም ፈጠሩት። ሥሩ «ሽርሽር» ነው፤ አፈሩ ከቦታው ተነሥቶ ስለሚሄድ። ትርጉሙ ከናዳ ጋር አንድ ስለሆነ በደሴ ዙሪያ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ይበቃል። «እምነት ተሸረሸረ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ስለሆነ መቅረት አለበት። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የናዳውን ነገር ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚፈልገው እሱ ነው።

ቃል አልነበረንም ከሚለው ልጀምር። አማርኛ እየቆየ ለሚያልቅ ነገር ያለው ቃል አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነው፤ እንደ ዕቃውም ይለያያል። ጨርቅ ይነትባል። ቢላ ይዶለዱማል። እንጨት ይነቅዛል። ብረት ይዝጋል። ጥርስ ይቦረቦራል። ቀለም ይደበዝዛል። ሳሙና ይሟሟል። ጫማና ጎማ ደግሞ ይበላሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ጠይቁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ነው የሚወረደው። ሾፌሩ «ፍሬን ሸራዬ ተበላ» ይላችኋል እንጂ «ተሸረሸረ» አይላችሁም። ልዩነቱን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሸራው ከብረት ጋር እየተፋተገ ነው ያለቀው። መሸርሸር ግን የሚያልፍ ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ውሃ፣ ከዳርና ከሥር ጥቂት ጥቂት እያነሣ ሲወስድ ነው።

ገበሬውም ቢሆን ቃል አላጣም። መሬቱ እየተጎዳ ሲሄድ የሚጠራበት ስም ይለዋወጣል። መጀመሪያ «አፈሩ ታጠበ» ይላል፤ ላዩ ሄደ ማለቱ ነው። ቀጥሎ «መሬቱ ሳሳ» ይላል፤ ውፍረቱ ቀነሰ። ከዚያ «ጭንጫ ወጣ» ይላል፤ ማረሻው ድንጋይ እየነካ ነው። መጨረሻ ላይ «ቦረቦር ሆነ» ይላል። አሁን ጎርፉ መሬቱን ሰንጥቆ ገብቷል፤ በሬም አያልፍበትም። ባለሙያ በቅጽ ላይ ከፋፍሎ የሚሞላው የጉዳት ደረጃ በገበሬው አፍ ላይ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ቃል አጥቶ ከውጭ ለመነ ማለት ይከብዳል።

ባለሙያዎች ፈጠሩት የሚለው ነጥብ ሊፈተሽ የሚችል ነው። «ኢሮዥን» ከላቲን የመጣ ቃል ነው። መነሻው «ሮዴሬ» የሚል ግሥ ሲሆን መጋጥ፣ መቆርጠም ማለት ነው። አይጥና ዘመዶቿ በፈረንጅ አፍ «ሮደንት» የተባሉት ከዚሁ ግሥ ነው። ተርጓሚ ይህን ይዞ ቢነሣ ኖሮ የምናገኘው «የአፈር መጋጥ» ወይም «የአፈር መቆርጠም» በሆነ ነበር። «ሸረሸረ» ውስጥ ጥርስ የለም፤ ምስሉ ሌላ ነው።

የቃሉ መልክም ይመሰክራል። ሆን ተብለው የተሠሩ ቃላትን አስታውሱ። «ርዕዮተ ዓለም»፣ «ንድፈ ሐሳብ»፣ «ኅብረተሰብ» ሁሉም ወደ ግእዝ ያደላሉ፤ ሁለት ሁለት ቃል እያጣመሩ የተሠሩ ናቸው። «ሸረሸረ» እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያዋ ፊደል «ሸ» ራሷ በግእዝ ፊደል ገበታ ላይ አልነበረችም፤ አማርኛ ለራሱ ድምፅ ሲል ከጨመራቸው ፊደላት አንዷ ናት። ቃሉ ደግሞ ሙሉ ቤተሰብ አለው። ሸረሸረ፣ ተሸረሸረ፣ ሸርሻሪ፣ ሽርሸራ፣ የተሸረሸረ። ቢሮ ውስጥ የተሠራ ቃል ብዙውን ጊዜ ስም ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ እንደ ልቡ አይረባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የግሡ አሠራር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ ሁለት ድምፅ ደጋግሞ አራት የሚያደርጋቸው ግሦች አሉት። ገዘገዘ፣ ቀጠቀጠ፣ ነቀነቀ፣ ፈረፈረ፣ ሰረሰረ፣ ቦረቦረ፣ ነዘነዘ፣ ጎተጎተ፣ በጠበጠ፣ ኮረኮረ። በቀስታ አንብቧቸው። በመጋዝ መገዝገዝ አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ አይደለም። መቀጥቀጥ አንድ ምት አይደለም። አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው ጎተጎተ አይባልም። በእነዚህ ቃላት ድምፁ የሚደገመው ሥራው ስለሚደገም ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ «ጠረጠረ» ከዚህ ወገን አይመስልም። ብዙዎቹ ግን ናቸው። «ሸረሸረ»ም ከእነሱ ጋር ነው የሚቆመው። ትንሽ ወሰደ፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ትንሽ ወሰደ። «ቀስ በቀስ» የሚለው ሐሳብ ከውጭ የተጨመረበት ማብራሪያ ሳይሆን ቃሉ ራሱ የተሠራበት ነገር ነው። ይህን የመሰለ ቃል በስብሰባ አይወጣም፤ ቋንቋው ራሱ ነው የሚወልደው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። «የአፈር መሸርሸር» የሚለውን ሐረግ በየቀበሌው ያስፋፉት የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ ወሎ ብዙ የእርከን ሥራ የተሠራባት አገር ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ዝናቡም የሚታጠበው አፈርም ይለካ ነበር። ቃሉ ከዚያ ወዲህ በዘገባና በማስተማሪያ ላይ መብዛቱ አይካድም። ሆኖም ሐረግ ማስፋፋት ሌላ፣ ቃል መፍጠር ሌላ ነው።

ጸሐፊው በመሐል ቃሉ አድራጊውንና ተደራጊውን አይለይም ብለው አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። በጽሑፍ ልክ ናቸው፤ በንግግር ግን አይደሉም። የመጀመሪያዋ «ሸ» ላልታ ስትነበብ ጎርፉ የሚሠራውን ሥራ ትናገራለች። ጠብቃ ስትነበብ በአፈሩ ላይ የሚደርሰውን ትናገራለች። «የአፈር መሸርሸር» ስንል ሁላችንም እናጠብቃታለን። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው እንጂ አፋችን ይለያል።

አሁን ወደ «ሽርሽር» ልሂድ። ፊደሎቹ መመሳሰላቸው እውነት ነው፤ ሸ፣ ረ፣ ሸ፣ ረ። ያማልላል። ይሁን እንጂ ግሦቹን እንያቸው። የሽርሽር ግሥ «ተንሸራሸረ» ነው። እንደ ተንቀሳቀሰ፣ እንደ ተንከባለለ፣ እንደ ተንቀጠቀጠ ከፊቱ «ተን» የሚል አለበት። ሌላውን ይዞ ሲወጣ «አንሸራሸረ» ይሆናል፤ «ልጆቹን ሐይቅ ወስዶ አንሸራሸራቸው» እንላለን። የመሸርሸር ግሥ ግን «ሸረሸረ» ነው፤ ያ «ን» በየትኛውም መልኩ አይገባበትም። እስቲ ቀያይሯቸው። «ጎርፉ አፈሩን አንሸራሸረው» ቢባል ማን ይቀበላል? «ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ተሸረሸርኩ» ቢባልስ? ሁለቱ እርስ በርስ የማይተካኩ፣ በየራሳቸው መንገድ የሚረቡ ግሦች ናቸው።

የፊደል መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያረጋግጥም። ደሴን «ቆረቆሩ» እንላለን፤ ከተማ መሠረቱ ማለት ነው። ጀርባዬን «ቆረቆረኝ» እንላለን፤ ወጋኝ፣ ምቾት ነሣኝ ማለት ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ብቻ ከተማ መመሥረት ከመውጋት መጣ ብሎ የሚደመድም የለም። የቃል ዘር ሲፈለግ ትርጉሙም፣ አረባቡም፣ አጠቃቀሙም አብሮ መሄድ አለበት። በሽርሽርና በመሸርሸር መካከል አብሮ የሚሄደው ፊደሉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሽርሽር ሄዶ የሚመለሱበት፣ በፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው። ከጦሳ የወረደ አፈር የቦርከናን ወንዝ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ጨፋ ሜዳ ይሄዳል፤ አይመለስም።

«እምነት ተሸረሸረ» የሚለው ይቅር መባሉም አልተዋጠልኝም። አማርኛ የውስጥ ጭንቀትን የሚናገረው በእነዚህ በሚደጋገሙ ግሦች ነው። ጥርጣሬ ይሰረስራል። ሐዘን ይቦረቡራል። ነገር ሆድን ይሞረሙራል። ቁጭት ያንገበግባል። ሐሳብ ያብሰለስላል። እነዚህን ከእንግሊዝኛ ቀዳናቸው የሚል የለም። «መተማመናቸው ተሸረሸረ» ያለ ሰው የሄደው በዚሁ በተጠረገ መንገድ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጠብ ሳይሆን በየቀኑ በሚደርስ ትንሽ ቅሬታ ሲራራቁ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? ጋዜጠኛ ቃሉን አብዝቶት ይሆናል። መብዛቱ ግን ባዕድ አያደርገውም።

ይልቅ ጸሐፊው ሊቆጡበት የሚገባ ሌላ ስሕተት አለ። ቃሉ ድንገት ለሆነ ነገር ሲውል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በአንድ ቀን። ይህን «የብር አቅም ተሸረሸረ» ብሎ የዘገበ ተሳስቷል። ያ መውደቅ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደመወዝተኛው በየወሩ ያው ብር የሚገዛለት ጤፍና ዘይት እያነሰ ሲሄድ ያየው ነው መሸርሸር። ሁለቱም ያማሉ፤ አመጣጣቸው ግን አንድ አይደለም።

ናዳውም ዘንድ ጉዳዩ ይኸው ነው። ጸሐፊው መሸርሸርና ናዳ አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው ብለዋል። ትንሹ መሸርሸር፣ ትልቁ ናዳ። ይህን ሌላ ከተማ ሆኜ ባነበው ምናልባት አልፈው ነበር። ደሴ ሆኜ ግን አልችልም። በስተምዕራብ ጦሳ አለብን፣ በስተምሥራቅ አዝዋ ገደል። ከተማው በሁለቱ መሐል ነው፤ ቤታችንም ወደ ሁለቱም ተዳፋት እየወጣ ነው። ሁለቱንም ነገር እናውቃቸዋለን፤ በየመልካቸው።

መሸርሸር ከላይ ነው የሚጀምረው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ይወርዳል። መሬቱ ራቁቱን ከሆነ ጠብታው አፈሩን ይበትነዋል፣ የሚወርደው ውሃ ደግሞ የተበተነውን ይዞ ይሄዳል። ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰ ማሳ ሐምሌ ላይ ልክ እንዲህ ራቁቱን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በመሬቱ ላይ ሲዘረጋ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የበቆሎ ፍሬ ውፍረት እንኳ አይሞላም። ባለማሳው በዚያ ዓመት ምንም አያይም። ልጁ አድጎ ማረሻ ሲይዝ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ሄዷል። ሥራው ሁሉ በዝምታ ያልቃል።

ናዳ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። ውሃው ላዩን ከመውረድ ይልቅ ወደ መሬቱ ይሰርጋል። በእኛ ተዳፋት ከላይ ልል አፈርና የተፈረካከሰ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ ጠንካራው አለት ይገኛል። የሰረገው ውሃ በሁለቱ መሐል ሲጠራቀም ላይኛውን ያከብደዋል፣ ይዞት የነበረውንም ጉልበት ያላላዋል። ከዚያ አንድ ቀን ተዳፋቱ ከነሣሩ፣ ከነዛፉ፣ ከነቤቱ ይሄዳል። ላዩ ያልተሸረሸረ፣ ባሕር ዛፍ የቆመበት፣ አረንጓዴ የሆነ ቦታ ሊናድ ይችላል። ልዩነቱ የመጠን ብቻ ቢሆን ይህ ባልሆነ ነበር።

አንዱ ለሌላው መንገድ መጥረጉን አልክድም። ቦርከናም ሆነ ወደ እሱ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች የተዳፋቱን እግር ሲሸረሽሩ ከላይ ያለው መደገፊያ ያጣል። መንገድ ለማስፋት ወይም ቤት ለመሥራት ግርጌውን የሚቆርጥ ሰውም ያንኑ ያደርጋል። ይህ ግን ምክንያትና ውጤት ናቸው የሚያሰኝ እንጂ አንድ ናቸው የሚያሰኝ አይደለም።

ታዲያ በቃል ላይ ይህን ያህል ለምን እከራከራለሁ? መድኃኒታቸው የተለያየ፣ አንዳንዴም የሚቃረን ስለሆነ ነው። ለመሸርሸር መፍትሔው ውሃውን ማዘግየት ነው። እርከን ይሠራል፣ ትሬንች፣ ማለትም ውሃ የሚያቁር ቦይ፣ ይቆፈራል፣ ቦረቦሩ በክትርና በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይታሰራል፣ ሣር ይተከላል። ውሃው ቆሞ እንዲሰርግ ይፈለጋል። ለመናድ በተዘጋጀ ተዳፋት ላይ ግን ውሃው እንዲሰርግ ማድረግ አደጋውን ማባባስ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃውን በቦይ ሰብስቦ ከተዳፋቱ ማስወጣት፣ የግርጌውን ድጋፍ ማጠናከር፣ ሲብስም ነዋሪውን ማንሣት ነው። እንግዲህ አንድ ሰፈር ተሰብስቦ «መሬታችን እየተሸረሸረ ነው» ብሎ በዘመቻ ከቤቱ በላይ ትሬንች ቢቆፍር፣ ችግሩ ግን ሊመጣ ያለ ናዳ ቢሆን፣ ውሃውን በገዛ እጁ ወደ ተዳፋቱ ሆድ አስገባው ማለት ነው። ልፋቱም ቅን ልቡም ጉዳት ይሆንበታል። ጸሐፊው «ለሁሉም ይበቃል» ያሉት ቃል የሚያደርሰው እዚህ ነው።

ምልክቱም ይለያያል። የሚሸረሸር ቦታ የዛፍ ሥር ያወጣል፣ ጣት የሚያህሉ ቦዮች ይታዩበታል፣ ከግርጌው ደለል ይከማቻል፣ የሚወርደው ውሃም ቀይ ወይም ቡናማ ነው። ሊናድ ያለ ቦታ ከላይ በኩል እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ስንጥቅ ያሳያል። የመብራት ምሰሶ ያዘነብላል። ዛፍ ይጋደማል። ተዘግቶ የሚከፈት በር ሳይነካ መጣበቅ ይጀምራል። ውሃ ባልነበረበት ቦታ ምንጭ ይፈልቃል።

ስለዚህ ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። ስለ ሽርሽር የጻፉትን ቢተዉትም ባይተዉትም እርሱ የሐሳብ ክርክር ነው፤ ሌላ ጊዜ እንቀጥለዋለን። የናዳውን አንቀጽ ግን ክረምቱ ሳይገባ ያርሙት። ጽሑፉን በስልክ ለተቀባበላችሁ የደሴ ሰዎችም፣ ለቀበሌ ስታመለክቱ «መሬቱ ተሸረሸረ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ስንጥቁ ከየት ወደየት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደታየ፣ ከዝናብ በኋላ ሰፍቶ እንደሆነ፣ ምሰሶው ወደየት እንዳዘነበለ ጻፉ፤ ፎቶም አያይዙ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው እርከን የሚሠራ ባለሙያ ይላክ ወይስ የመሬት መንሸራተትን የሚያጠና የሚወስነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።